ጎኑን እስኪሰጥህ

ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤቴ፣ ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ጥንድ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ነጠላዋን፣ እኔ ባርኔጣዬን፣ የልጅ ልጆቼ ያገኙትን ሁሉ ያንጠለጥሉበታል። እንግዳ ሲመጣ ግን ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፍና "ማን ነው የገደለው?" ይላል። "እኔ" እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን እዚያ ላይ አያልቅም።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የምንኖረው ስማዳ ውስጥ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚያወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። በላይ በኩል የገብስ ማሳ፣ በታች በኩል ዓይን የማይጨርሰው ቆላ። ጠዋት ከሸለቆው የሚወጣው ነፋስ የደረቀ ሣርና የአጋም አበባ ሽታ ይዞ ደጃችን ድረስ ይመጣል። አባቴ የሞተው ገና ዳዴ ስል ነው። እናቴ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ለብቻዋ አሳደገችኝ። የመንደሩ ልጆች ደግሞ እንደኔ ላለው የተዘጋጀ ስም ነበራቸው፤ ሴት ያሳደገው። የገና ጨዋታ ስሸነፍ ሴት ያሳደገው፣ ሳሸንፍም ሴት ያሳደገው። ከሁሉ የባሰው የጎረቤታችን ልጅ ይርሳው ነበር፤ እኩያዬ ነው፣ አባቱ ምንሽር ጠመንጃ ስላላቸው እሱ ራሱ የታጠቀ ይመስለዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የሚያንገበግበኝ ስድቡ አልነበረም፤ ያ የእሷ አንገት መድፋት ነበር።

ያን ስም የሚፍቅ ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው በእልልታ ይቀበሉታል፣ እናቱ ወይም ሚስቱ ራሱን ቅቤ ትቀባዋለች፣ ከዚያ በኋላ በስሙ የሚቀልድ የለም። በእኛ አገር ደንብ ደግሞ አውሬው የሚቆጠረው ለጣለው ሳይሆን መጀመሪያ ላደማው ነው። ሌላው ቢያሳድደው፣ ሌላው ቢጨርሰው፣ ቀንዱ መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ይሰጣል። ምኑ ላይ እንደመታው ግድ የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

ከእናቴ ወንድም ከአያ ታከለ በቀር። አያ ታከለ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ከበለስ ማዶ በረሃ ወርደው ጥይት ሲያልቅባቸው ከዚያው አገር ሰዎች ቀስት ተምረው ተመለሱ። ጠላት ከወጣ በኋላም ቀስቱን አልተዉትም። ሰዉ "ታከለ ዛሬም በእንጨት ይጫወታል" እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው ግን ጥይት ከሩቅ ስለሚሄድ ሰው አይቀርብም፣ ያልቀረበ ሰው ደግሞ ምኑን እንደሚመታ አያይም ይሉ ነበር።

እኔን ያስተማሩኝ በአንድ አሮጌ ስልቻ ነው። ጭድ ሞልተው፣ አራት እንጨት እግር አበጅተውለት፣ ጎኑ ላይ ልብ ያለበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርገው ከጓሯችን ያቆሙታል። ከዚያ እያዞሩ ይጠይቁኛል። ፊቱን ወደኔ ያደርጉትና "አሁንስ?" ይላሉ። ጀርባውን ይሰጡኝና "አሁንስ?" ይላሉ። እኔ ቸኩዬ "አዎ" ስል የቀስቱን ጅማት ከጣቴ ያላቅቁታል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ስንማር የወረወርኩት ፍላጻ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን የተማርኩት "አይሆንም" ማለትን ነበር።

"ፊቱን ሲሰጥህ ተወው፤ አጥንት ነው። ጀርባውን ሲሰጥህም ተወው" ይሉኝ ነበር። "ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ። የፊት እግሩን ወደፊት ሲያራምድ ከብብቱ ኋላ ያለው ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ልቀቅ። ካልሰጠህ ደሞ ቤትህ ግባ።"

ከብብቱ ኋላ የተመታ እንስሳ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ታርደዋለህ፣ መንደሩም ይበላል። ሆዱን የተመታ ግን ርቆ ሄዶ ብቻውን ይሞታል። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፣ ክርስቲያን አይቀምሰውም። አያ ታከለ ይህን ሁለት ኃጢአት ነው ይሉት ነበር፤ አሠቃይቶ መግደል አንድ፣ ገድሎ መጣል ሁለት።

ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ በዓለ ሃምሳ፣ ጾም የሌለበት ጊዜ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ቆላው ደርቆ አጋዘኖች ወደ አንዲት ምንጭ እንደሚወርዱ አያ ታከለ ያውቁ ነበርና ሊያስከትሉኝ ቃል ገቡ። የይርሳው አባት ልጄንም ውሰድልኝ ብለው ለመኑ፣ ምንሽሩንም አስያዙት። እናቴ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ቅሉን አውርዳ ቅቤው ስንት እንደቀረ ስታይ አይቻታለሁ።

ምንጯ ዘንድ ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀምጠን ብዙ ጠበቅን። ፀሐይ ጀርባችንን ማቃጠል ስትጀምር ወጣ። እንዲያ ያለ ፍጥረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጎኑ ላይ ነጫጭ ሰንበሮች አሉት፣ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል። ጆሮውን እያዞረ ቀረበና ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አጎንብሶ ይጠጣ ጀመር። አያ ታከለ መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ስልቻው ዘንድ ስንት ጊዜ የሰማሁት "አይሆንም" ነው። ጠጥቶ ሲጨርስ መዞሩ አይቀርም ነበር። ከዞረ ደግሞ ጎኑን ይሰጣል።

ከግራዬ የይርሳው ጠመንጃ መቀርቀሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። አጋዘኑም ሰማ፤ ቀና ብሎ ዞር ማለት ጀመረ። በዚያች ቅጽበት እንስሳው ከሐሳቤ ወጣ። የታየኝ ይርሳው ቀድሞ ሲያደማ፣ የእሱ እናት እልል ስትል፣ የኔዋ አንገቷን እንደደፋች ስትቆም ነበር። ለቀቅሁ። የአያ ታከለ እጅ ገና ጉልበቴ ላይ ነበር።

ፍላጻው ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ሆዱ ውስጥ ገባ። አጋዘኑ ጀርባውን አጉብጦ ዘለለ፣ የይርሳው ጥይት ድንጋይ መታ፣ ከዚያ እንስሳው ጫካው ውስጥ ጠፋ። ይርሳው ቢሳደብም በዚህ ጨዋ ልጅ ነው፣ ደንቡንም ያውቃል፤ "አደማኸው፣ ያንተ ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ከተነሣሁ ይህንንም ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አያ ታከለ እንስሳው ከቆመበት ሄደው ደም የነካው ሣር ቆረጡና አሸተቱት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ደሙ ላይ አረንጓዴ ነገር አለበት፣ የፈርስ ሽታ ይሸታል። አልተቆጡም። ይርሳውን "አንተ ግባ፣ እኛ እንከተለዋለን" ብለው ሰደዱት። እሱ ወደ ላይ ወጥቶ የምሥራቹን ሲነግር፣ እኛ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ስንል ዋልን። የተኛባቸውን ቦታዎች አገኘን፤ ሦስት ነበሩ። ቀኑ ሲያልቅብን ዋሻ ውስጥ አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የእንኮይ ዛፍ ሥር ወድቆ አገኘነው። ዙሪያውን መሬቱ በሰኮናው ተቧጥጧል። ሞቷል፤ እጄን አንገቱ ላይ ሳደርግ ግን ገና ትኩስ ነበር።

"ሌሊቱን ሙሉ" አሉ አያ ታከለ።

ቀንዱን ቆርጠን ሥጋውን ለአሞራ ትተን ወጣን። አፋፉ ላይ ስንደርስ መንደሩ ወጥቶ ይጠብቀናል፣ እልልታው ገደሉን ያስተጋባዋል። ሽማግሌዎቹ ሥጋው የታለ ብለው ጠየቁ። አያ ታከለ "ቀንዱን ከቆረጥን በኋላ ገደል ገባብን" አሉ። የት መታው ሲሉም አያ ታከለ ወደ እናቴ ተመለከቱ። የቅቤውን ቅል አቅፋ፣ ከሰዉ ፊት ቀድማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። እንዲያ ቆማ አይቻት አላውቅም።

"ከብብቱ ኋላ" አሉ።

እኒያ ሰው ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ቅቤውን ስትቀባኝ፣ ቀልጦ በማጅራቴ ሲወርድ፣ የፈርሱ ሽታ ከእጄ አልለቀቀም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሴት ያሳደገው ያለኝ የለም። አያ ታከለ ግን በሳምንቱ የቀስታቸውን ጅማት ፈትተው ለእናቴ ለወንፊት መጠገኛ ሰጧት፤ ደጋኑን ጣሪያው ውስጥ ሸጎጡት። ዳግመኛ ቆላ ወርደው አላደኑም። ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ቢገርፉኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ስንቴ ደጃቸው ሄጄ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ አውርቼ ተመለስኩ። ለትምህርት ደብረ ታቦር ሳለሁ ሞቱ፤ መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው። እናቴም እስክትሞት ድረስ ለመጣው ሁሉ "ልጄ ከብብቱ ኋላ ነው የመታው" ስትል ኖረች። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።

አሁን ያ ቆላ ታርሶ አልቋል፤ አጋዘን ያየ ልጅ የለም። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ አደን ይጫወታል፤ የመታው ሁሉ ወዲያው ወድቆ ይጠፋል፣ እሱም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልቆጣው አልችልም። እኔም አያ ታከለን የመሰለ አስተማሪ እያለኝ አንድ ቅጽበት መጠበቅ አቅቶኛል። ያን ጊዜ ቀድሞ ያደማ ነበር የሚመሰገነው፤ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው ጉልበት ላይ የሚያርፈው እጅ መጥፋቱ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ይኸው ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ቀንዱ ላይ እየሰቀለ "አባባ፣ የት ነበር የመታኸው?" አለኝ። እጄ እንደለመደው ወደ ብብቴ ሄደ። እዚያ ትንሽ ቆየና አወረድኩት፣ ሆዴ ላይ አሳረፍኩት።

"እዚህ" አልኩት።

"ወዲያው ሞተ?"

"አይ ልጄ፤ በማግስቱ።"

ልጁ ቀንዱን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ቦርሳውን አወረደና አልጋው ላይ አስቀመጠው።