ምርቃት የማይቀበሉት እንግዶች

ኦቦ ቀጀላ ጌዶ ከተማ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ወፍጮ ሲፈጭ ወሬ ስለማይሰማ ከደንበኞቻቸው ጋር የሚግባቡት በእጃቸው ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ስለኖሩ ሰው ሁሉ ዝምታ ጠባያቸው ይመስለው ነበር። ዝምታና ፍርሃት ግን ይለያያሉ። ልዩነቱ የታየው በትልቋ ልጃቸው በባየሽ ሠርግ ቀን ነው።

በዚያ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባት ይመርቃል። ምርቃቱ ሥርዓት አለው። መራቂው አንድ ሐረግ ይላል፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ሃ ተኡ!»፣ ይሁን፣ ብሎ ይቀበላል። ወደሚቀጥለው ሐረግ የሚታለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ኦቦ ቀጀላ ተነሡ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ። ታናሽ ወንድማቸው ጉዩ ብድግ ብሎ መረቀ። ባየሽ ነገሩን አንሥታባቸው አታውቅም። እሳቸው ግን ሳይመርቁ የሸኟት ልጅ ከልባቸው አልወጣችም።

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጃቸው ዱሬቲ ልታገባ ሆነ። አምቦ ውስጥ ነርስ ናት።

«አባባ፣ እርስዎ ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም» አለቻቸው።

«ጉዩ አለ አይደል?»

«አጎቴማ ባየሽን መርቋል፤ ድርሻውን ጨርሷል።»

ክርክሩን ስላሸነፈች አምቦ ወስዳ ሶፎንያስ ከሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር አገናኘቻቸው። ሶፎንያስ ሰው ፊት መናገር የሚፈሩ ሰዎችን የሚያለማምደው ቪአር በሚሉት መነጽር ነው።

ነገሩ ድንቅ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። መነጽሩ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ይሸፍናል። ለቀኝ ዓይን አንድ ሥዕል፣ ለግራ ዓይን ደግሞ ከዚያ በጥቂቱ የሚለይ ሥዕል ያሳያል፤ አእምሮ ሁለቱን ሲያጋጥማቸው ገብተው የሚቆሙበት አዳራሽ ይሆናሉ። አንገት ሲያዞሩ የአዳራሹ ሌላ ጎን ይታያል። መነጽሩን ያጠለቀው ሰው ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ ልቡ ግን አያውቅምና ይደልቃል! ጥበቡ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ልብ ከምር ፈርቶ ክፉ ነገር ካልደረሰበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ትንሽ ይቀንሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ይለምዳል።

ኦቦ ቀጀላ መነጽሩን አጠለቁ። ብርሃን እንደ ውሃ ቀስ ብሎ የሚፈስበት ሰፊ አዳራሽ ተከፈተ። በወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጥላ የላቸውም፤ ዓይናቸውን ብቻ እንደ እንቅልፋም ያርገበግባሉ። ወደ ታች ቢያዩ ከወለሉ በቀር ምንም የለም።

«እግሬ የታለ?»

«ማሽኑ እግር አይሰጥም፣ ኦቦ ቀጀላ» አለ ሶፎንያስ።

«ተመስገን! ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አያዩትማ።»

ዱሬቲ ከጥግ ሳቀች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው በኦሮምኛ ጀመሩ፤ «በለምለም መሬት ላይ ያቁማችሁ።» ብለው ጠበቁ። አዳራሹ ጭጭ አለ። እንግዶቹ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ላብ በጀርባቸው ወረደ፤ መነጽሩን አወለቁት።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሲመርቋቸው አይቀበሉም?»

«ኦቦ፣ ፕሮግራሙ የተሠራው በሌላ አገር ነው። መጨረሻ ላይ ያጨበጭባሉ።»

«ለምርቃት ጭብጨባ? ጉድ ፈላ!»

«እንግዲያው ሳይጠብቋቸው ይለፉ።»

«ያልተቀበሉትን ምርቃት ጥዬ ልለፍ? መሬት ላይ ይቀራል እኮ!»

ሶፎንያስ «ይለፉ»፣ እሳቸው «እጠብቃለሁ» እያሉ ሲከራከሩ ቆዩ። በመጨረሻ እሳቸው አሸነፉ። መነጽሩን መልሰው አጠለቁ፤ ሐረጉን አሉ፤ ጠበቁ። ዝም። ደግመው አሉ። ዱሬቲ አንጀቷ አልችል ብሎ «ሃ ተኡ!» አለች። ድምፁ ከማንም አፍ ሳይወጣ ከአዳራሹ ጣሪያ እንደ ጠል የወረደ መሰላቸው። ሶፎንያስ በእጁ ዝም አሰኛት፤ የአባቷ እስትንፋስ በዝምታው ውስጥ እየረጋ መሄዱን አይቷልና።

ከዚያ በኋላ ወደ አምቦ ተመላለሱ። በእያንዳንዱ ጉዞ በዚያ ብርሃን መካከል፣ ያለ እግርና ያለ ጥላ፣ የማይመጣ መልስ ይጠብቃሉ። ሲውል ሲያድር ዝምታው ማስፈራቱን ተወ። ልክ በሕልም ደጋግመው እንደሚገቡበት የማያውቁት ቤት፣ በሩንና ማዕዘኑን ለመዱት።

የሠርጉ ዕለት ዱሬቲ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከች። ኦቦ ቀጀላ ተነሡ። የመጀመሪያው ሐረግ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፤ ከፊት ወንበሮች አላለፈም። ማንም አልተቀበለም። ጉዩ ሊነሣ ወንበሩን ገፋ።

ኦቦ ቀጀላ ግን ቆሙ። ፀሐይ በድንኳኑ ሸራ አልፋ የሰዉን ፊት ሁሉ ወርቅማ አድርጋዋለች። ልባቸው ይመታል፤ እሳቸው ይጠብቃሉ። ትንፋሽ ሰብስበው ያንኑ ሐረግ ደገሙት።

«ሃ ተኡ!»

ድንኳኑ ተርገበገበ። ኦቦ ቀጀላ ደነገጡ፤ ለካ መልስ ይህን ያህል ይከብዳል! ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሐረግ በሐረግ፣ መልስ በመልስ መረቁ፤ ዱሬቲን አስነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ሰዉ ሊነሣ ሲል ግን አልተቀመጡም።

«ባየሽ! ነይ እዚህ።»

ባየሽ ልጅ እንዳዘለች ግራ ተጋብታ መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ የዛሬዋ ሙሽራ እሷ አይደለችም!» አለ ጉዩ። «መኪናው እኮ እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ። አንተ መረቅሃት እንጂ እኔ መቼ መረቅኋት?»

ሰዉ ሳቀ። ባየሽ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ኦቦ ቀጀላ አንድ እጃቸውን በራሷ ላይ፣ ሌላውን በታዘለው ሕፃን ጀርባ ላይ አድርገው ከመጀመሪያው ሐረግ ጀመሩ።