አንቺ ሊቀ መንበር

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የማኅተም ቀለም ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ሶዶ ተቀምጬ ሐሳቤ በተበላ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ቀበሌያችን ሄደ፤ አክስቴ ዘንድ።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት በሄድኩበት ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ግን በአማርኛ ካልመራ ሥልጣኑ የሚቀንስበት ይመስለው ነበር። አክስቴ በተሰባበረ አማርኛዋ ለመጠየቅ ብድግ አለች።

«አንቺ ሊቀ መንበር፣ ቦኖውን መቼ ታሠሪያለሽ?»

በወላይትኛ ወንዱም ሴቱም «ኔኒ» ነው፤ አንተና አንቺ የሚባል ጣጣ የለም። ቦኖው ከደረቀ ቆይቷል፤ እሷ በዚያ ዕድሜዋ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች። እሱ ግን ወገቡን ይዞ እንደ ሴት ተውረገረገ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«በይ መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ፤ ከዚያ ትጠይቂያለሽ!» አላት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ያን ቀን እንደማልለቀው ማልኩ።

ስለዚህ የቀበሌ ምርጫ ሲደርስ የመራጮች ትምህርት በጎ ፈቃደኛ የሆንኩት ለዴሞክራሲ ነው ብዬ አልዋሽህም። ቂም ነው። በገበያ ቀን፣ አቧራውና የበሰለ ሙዝ ሽታ መሃል፣ ካርቶን እንደ ድምፅ መስጫ ሣጥን አስቀምጬ የአገራችንን ሥራ ሥሮች፣ ቦዬና ጎደሬን፣ ለልምምድ አወዳድር ነበር። ሴቶቹ ከሰቀልኩት መጋረጃ ጀርባ ለአንዱ መርጠው እየተሳሳቁ ይወጣሉ። «ማን ማንን እንደመረጠ ማንም አያይም፤ ሊቀ መንበሩም ቢሆን» እላቸዋለሁ በወላይትኛ። ይቺን ስናገር ጥርሴን ነክሼ ነው። ማንን ምረጡ ማለት ክልክል ነበር፤ ደግሞም አላስፈለገኝም።

የምርጫው ዕለት ሴቶቹ ከነጀሪካናቸው ተሰለፉ። አክስቴም ጣቷን ቀለም ተቀብታ ወጣች። ውጤቱ ሲለጠፍ ሊቀ መንበሩ ወድቋል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩና «አንቺ፣ እንዴት ዋልሽ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ምሽት የበላሁት እራት ዛሬም ይጣፍጠኛል።

አዲሷ ሊቀ መንበር የመጀመሪያውን ስብሰባ በወላይትኛ ከፈተች። «ጥያቄ ያለው?» ስትል አክስቴን በክርኔ ነካ አደረግኳት። ቀለሙ ባልለቀቀው ጣቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አንቺው ጠይቂልኝ» አለችኝ በገዛ ቋንቋችን።

ጠየቅኩላት። ቦኖውም ተሠራ። ከዚያ በኋላ ምርጫ በመጣ ቁጥር ድምፅ ትሰጥ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ግን እስክትሞት ድረስ ድምጿን አልሰማሁም።