ፊቱን ያላጨማደደው ደንበኛ

የሰፈሩ ሰው «ጅብ ጥላ» ይላታል። ስም ማውጣት የማይታክተው አንድ ጎረቤት ነው ያወጣላት፤ ከጓሮዋ ክፍል እንጉዳይ በሳጥን ተጭኖ ሲወጣ ያየ ዕለት። መጀመሪያ ተቀየመች፣ ኋላ ለመደችው፣ አሁን እንዲያውም ለደንበኛ ስልክ ስታነሳ ራሷ «ጅብ ጥላ ነኝ» ትላለች።

የምታበቅለው ለምግብ የሚሆነውን እንዳይመስላችሁ። እንደ እንጨት የሚጠነክር፣ ቀይ፣ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል፣ ሰው ለመድኃኒት ብሎ የሚፈልገው ዓይነት ነው። ሥራው ችኩል ሰው አይወድም። የጠንካራ እንጨት ሰጋቱራ ከፉርሽካ ጋር ትደባልቅና በውሃ ታርሰዋለች፤ ጨብጣ ስትጨምቀው ጠብ ሊል ሲል በቃው ትላለች። በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቃ፣ ሌላ ሻጋታ እንዳይቀድማት፣ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት ስታበስለው ትውላለች። ሲቀዘቅዝ እጇን እስከ ክርኗ በአልኮል ትጠርጋለች፤ ጠረጴዛውን በአልኮል ትወለውላለች፤ የአልኮል መብራት ታበራና ከነበልባሉ አጠገብ፣ ስንዴ ላይ ያደገውን የእንጉዳዩን ዘር ትጨምርበታለች። ከዚያ ጨለማ ክፍል ይገባል። ነጭ ክር ሰጋቱራውን ቀስ እያለ ያለብሰዋል፤ የከረጢቱ አፍ ሲከፈትለት ቀይ ቀንድ ያወጣል፤ ቀንዱም ውሎ አድሮ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል።

ከደረቀና ከተከተፈ በኋላም ጣጣው አያልቅም። እንጉዳዩ ያለውን ሁሉ ለውሃ አይሰጥም። አንዳንዱ ሲንተከተክ ውሎ በውሃ ይወጣል፤ ውሃ የማይደፍረው ሙጫው ደግሞ በአልኮል ተዘፍዝፎ ሳምንታት መሰንበት አለበት። ሁለቱን አጥልላ ትቀላቅልና፣ በብልቃጥ ሞልታ የመስታወት ማንጠብጠቢያ ለብቻው ታያይዝበታለች። ምሬቱ አይጣል ነው። ባሏ አንድ ቀን ቀምሶ፣ ይሄን የጠጣ በሽተኛ ቢነሳ በንዴት ነው አላት። ደንበኞቿም ያው ናቸው፤ ፊቱን ሳያጨማድድ የዋጠላት ሰው አልነበረም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። አናጢ ነው፤ ሰጋቱራውንም በጆንያ እየሞላ ከወርክሾፑ የሚያመጣላት እሱ ነው። ድሮ ጠጪ ነበር። ሞቅ ሲለው የሚዘፍን ዓይነት አይደለም፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ የሄደችበት፣ መጋዙ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ የወሰደበት ጠጪ ነበር። ከዚያ በኋላ እርግፍ አድርጎ ተወው። ሚስቱ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ስታስተውለው ቆይታ ተመለሰች፤ ሁለተኛ መጠጥ ከሸተተኝ ግን እንደወጣሁ እቀራለሁ ብላ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ጠርሙስ ባለበት አይጠራውም። ይህን አጥብቃ የምትጠብቀው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እህቱ። እሱ ሊመጣ ነው ሲባል የባሏን መጠጥ ከቁም ሳጥን አውጥታ ጎረቤት ታስቀምጥ ነበር።

ባለፈው ዓመት እንቅልፍ እምቢ አለኝ ሲላት እጇ ወደ መደርደሪያዋ ሄደ። ሰው ለእንቅልፍ ጥሩ ነው ይላል፣ ሞክረው ብላ ምላሱ ላይ አንጠበጠበችለት። አናጢው ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ፣ ጥሩ ነው አላት። እሷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ይኸው፣ የሥራዬ ዋጋ የገባው አንድ ሰው አገኘሁ አለች። እንቅልፉ ተመለሰ፤ እንዲያውም መጋዙ ሥር ማንጎራጎር ጀመረ። ብልቃጡ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት ትልቁን ሰጠችው። ለሚያማርሩ ደንበኞቿም ሂዱ ወንድሜን ጠይቁ ትላቸው ጀመር። ሚስቱም ቤቱ እንጉዳይ እንጉዳይ ቢሸት ቅር አላላትም።

አንድ ረፋድ እሱ አጥቦ ከነማንጠብጠቢያቸው የመለሰላትን ብልቃጦች ልትሞላ ተቀመጠች። ይህ ነገር የነካውን መስታወት ያወይባል፤ ያገለገለ ማንጠብጠቢያ ቢታጠብ እንኳ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የወንድሟ ግን ሁሉም ከፋብሪካ እንደመጡ ነጭ ነበሩ። በአንዱም አልተጠቀመም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ጋሼ ከአፉ ላይ ነው የሚጨልጠው፣ ምን ያለ ጎበዝ ነው አለች። እየሳቀች የዝፍዝፉን ገንቦ ክዳን ከፈተች። የአልኮሉ ሽታ ፊቷን መታት።

ክው አለች። ስንት ዓመት እጇን የጠረገችበት፣ መብራት ያነደደችበት፣ ጠረጴዛ የወለወለችበት ነገር ነው። ለእሷ ከሳሙናና ከክብሪት እኩል የሥራ ዕቃ ነበር፤ የሚጠጣ መሆኑ ከሐሳቧ ከወጣ ቆይቷል። የባሏን ጠርሙስ ጎረቤት እየደበቀች፣ በገዛ እጇ፣ ያውም በትልቁ ብልቃጥ እየሞላች ስታጠጣው ከረመች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ አለች። ከዚያ መጋዙ ትዝ አላት።

ሽርጧን ሳታወልቅ ወርክሾፑ ደረሰች። መጋዙ ይጮሃል፤ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ሳንቃ ይገፋል። ልትጣራ አፏን ከፍታ መልሳ በእጇ ያዘችው፤ ደንግጦ ዞር ቢልስ? በሩ ላይ ደርቃ ቆመች። ጫፍ የሌላቸው ሁለት ጣቶች ሳንቃውን ተከትለው ወደ ጥርሱ ሲጠጉ፣ ሲጠጉ አየች። ሳንቃው ተሰንጥቆ ወደቀ። መጋዙ ጠፋ።

አናጢው ቀና ሲል እጇ ላይ ያንን ነጭ ማንጠብጠቢያ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ጠብታ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልብሱ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራገፈ።

«አልገዛሁም፣ ቡና ቤት አልገባሁም። እህቴ ናት የሰጠችኝ። መድኃኒት ነው እያልኩ ጠጣሁት። አንቺ ደግሞ እንደዚያ ደስ ሲልሽ…»

ተነስቶ ከሳንቃዎቹ ኋላ ግማሽ የቀረውን ትልቁን ብልቃጥ አመጣና ሰጣት። ለሚስቱ እንዳትነግርበት ለመናት። ይህን ብቻ እምቢ አለችው፤ የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ አለች።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ብልቃጡን ተቀብላ አሸተተችው። መልሳ አሸተተችው። እነሱ የጠበቁት ጩኸት ነበር፤ እሷ ግን አመድ መስላ ግድግዳ ተደገፈች።

«ማታ ማታ፣ መድኃኒትህን እንዳትረሳ የምለው እኔ ነኝ እኮ» አለች።

ሚስቱ ሻንጣ አላወረደችም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች፤ የሚንቀጠቀጥባቸውን ቀናትም አጠገቡ ተቀምጣ አሳለፈች። መጋዙ ላይ ቁልፍ ተደረገበት፤ ቁልፉም እሷ ጋ ሆነ። ጅብ ጥላ በበኩሏ ብልቃጦቿ ላይ ሁሉ፣ አልኮል አለው የሚል ጽሑፍ በትልቁ ለጠፈች። ደንበኛ ቢቀንስ ይቀንስ አለች።

ወራት አልፈው አናጢው አገግሞ መልኩ ሲመለስ፣ አንድ ከሰዓት ከሚስቱ ጋር ጅብ ጥላ ቤት መጡ። ያን ሰሞን በውሃ ብቻ እያፈላች የምታወጣውን ጀምራ ነበር። ሰጋቱራው የእኔ ነው፣ ልቅመሰው እንጂ አላት። ጅብ ጥላ ሚስቱን አየቻት፤ ሚስቱ ኩባያውን ተቀብላ አሸተተችና ራሷ ሰጠችው።

አናጢው አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ዓይኑ ተጨፈነ፣ ግንባሩ ተሸበሸበ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ኩባያውን ከፊቱ አራቀው።

«ይሄ ነገር እንዲህ ይመር ነበር እንዴ?» አለ፤ የእውነት ገርሞት።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያን ሁሉ ጊዜ ምሬቱ አፉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው። የጅብ ጥላ ዓይን እንባ ሞላ።

«አዎ ጋሼ» አለችው። «ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።»