አባቴ ለሸክላው የመረጠው ላስቲክ

አባቴ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሰቆጣ የተመለሰው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። በጭነት መኪና ተሳፍረን ስንደርስ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው እጁ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ ነበር። እናቴን ገና በቅጡ ሳላውቃት አጥተናት ስለነበር ያለን ሀብት እሱና ሣጥኑ፣ እኔና ልብሴ ነበርን። ዘመድ ሊቀበለን ወጥቶ ቆሟል። ዕድሜውን አዲስ አበባ የፈጀ ሰው ምን ይዞ እንዲመጣላቸው እንደጠበቁ አላውቅም፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ያገኙት ዘፈን የተቀረጸባቸው ጥቋቁር ሸክላዎችና አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማጫወቻ ብቻ ነው። ታላቅ እህቱ፣ ማለትም አክስቴ፣ አንዱን ሸክላ አንስታ አገላብጣ አየችና "ይኼ ደግሞ ይበላል ወይስ ይለበሳል?" አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ያን ቀን መሳቁ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አክስቴን ፊቷ ስቀርብ "እርስዎ" እላታለሁ፤ አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው። ወረቀት ላይ ግን አልችልም፤ እዚህ እንደ እኩያዬ "እሷ" ብዬ ነው የምጽፋት።

አባቴ አዲስ አበባ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሸክላ ሻጭ ነበር። አንድ ቀን ዘፈን ሲቀረጽ ከተቀባዮቹ አንዱ ይቀራል። የሱቁ ባለቤት አባቴ ዕቃ ሲያስተካክል ማንጎራጎሩን ያውቃልና "አንተ ድምፅ አለህ፣ ና ግባ" ብሎ ከተቀባዮቹ ጋር አቆመው። ሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ነው የተጻፈው፤ ተቀባይ ስም የለውም። ዘፈኑ መሃል ላይ ግን መሣሪያው ሁሉ ጋብ ይልና አንድ ወፈር ያለ ድምፅ ብቻውን መልሶ ይቀበላል። ያ ድምፅ የአባቴ ነው። ከእሱ ጋር አንድ ቀን የተጫወተ ሰው አይስተውም።

ካሴት መጥቶ ሸክላ ገዢ ሲያጣ ሱቁ ተዘጋ፤ አባቴም በሌላ ሥራ ቆይቶ መንግሥት ሲለወጥ አገሬ ይሻለኛል ብሎ መጣ። አልተሻለውም። ሰቆጣ ውስጥ "ዘፍኜ ተቀርጫለሁ" ብሎ ሲናገር ያመነው አንድ ሰው አልነበረም። "ባለ ሸክላ" የሚል ስም አወጡለትና ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር "እስቲ ታዲያ አሰማና!" ይሉታል። እሱ ደግሞ ኩሩ ነው፤ በየጠላ ቤቱ እየዞረ አያሰማም። "አሰማለሁ፣ በወጉ ቀን" ይላል። የሚፈልገው ዘመድ ከዋግ አገር ሁሉ፣ ከዝቋላም፣ ከአምደወርቅም፣ ከፃግብጂም ተሰብስቦ፣ በልቶ ጠጥቶ ተቀምጦ ሳለ ማሰማት ነው። እስከዚያው ድረስ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የማጫወቻዋ ድንጋይ እንዳያልቅ ሲል ሌሎቹን ሸክላዎች አያስነካም፤ የራሱ ድምፅ ያለባትን ያቺን ግን ለእኔ ይከፍትልኛል። ብቻውን የሚቀበልባት ቦታ ልትደርስ ስትል ጣቱን ያነሣና "አሁን!" ይለኛል። ከዚያ የራሱ ድምፅ ይመጣል፤ እሱም አፉን ገጥሞ ፈገግ ብሎ ያዳምጠዋል።

የወጉ ቀን ሳይመጣ አያቴ ሞተች። በእኛ አገር የሐዘን ቤት ዘፈን አይከፍትም፤ ዓመቱ እስኪወጣ፣ ተዝካሩ እስኪበላ ድረስ ሬዲዮ እንኳ ለዜና ብቻ ነው፣ እሱም ድምፁ ዝቅ ብሎ። ይህን አልቃወምም። ሐዘኑን የምትጠብቅብን ግን አክስቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከደንቡ አልፋ ሄደች። ሸክላዎቹ ቤታችን ከተቀመጡ አባቴ መክፈቱ አይቀርም ብላ ሣጥኑን ከነማጫወቻው ወደ እሷ ግቢ አስወሰደችና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እህልና ማረሻ ከሚቀመጥበት ክፍል አስገባችው። "እናቱ አፈር ሳትለብስ ጭፈራ ያማረው" እያለች በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ስትራገም መንደሩ ሁሉ ይሰማታል።

አባቴን ያስጨነቀው አቧራው ነው። በጋ ላይ የሰቆጣ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ሸክላ ከላይ ካለው ሥዕል ካለበት ሽፋን ሌላ ከውስጡ የሚለብሰው ስስ ነጭ ወረቀት አለው፤ እሱ ነው ገላውን የሚጠብቀው። የአባቴ ሸክላዎች የውስጥ ወረቀት አርጅቶ ጠርዝ ጠርዙ ተተርትሯል። ሣጥኑ ከመሄዱ በፊት ምትክ ፍለጋ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። የደብተር ሉክ በጉንጩ ላይ አሸት አድርጎ "ይሞርዳል" ብሎ ጣለው። ጋዜጣ ቀለሙ ይለቃል። የነጠላ ቁራጭ ክሩን ይተዋል። የእርዳታ እህል የመጣበት ጆንያማ ራሱ አቧራ ነው። እንዲህ ሲመርጥ ያየው ሰው ለልጁ ጥሎሽ የሚያዘጋጅ ይመስለው ነበር።

መጨረሻ ላይ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ የተረፈ የጠረጴዛ ላስቲክ አሳዩት። ጠረጴዛ የሚለብሰው ያ ወፍራሙ፣ ለስላሳው፣ እንደ መስተዋት የሚያሳየው ነው። ሰውየው ክፋት የላቸውም፤ ያላቸውን ነው ያወጡለት። አባቴ በጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ ውሃ አንጠባጠበበት። አቧራ አይገባው፣ ውሃ አይገባው፣ ክር የለው! ቁራጩ የሚበቃው ለአንዲት ሸክላ ብቻ ነበር። ለየትኛዋ እንደሆነ አልተጠያየቅንም።

አሮጌውን ወረቀት አወለቀላትና ላስቲኩን በምላጭ ቆረጠ። እኔ ጧፍ ያዝኩለት፤ እሱ በእሳቱ የቢላዋ ጀርባ እያጋለ ጠርዙን በአራቱም ጎን አጣበቀው። እስከ ወጉ ቀን ድረስ የማንም እጅ እንዳይነካት ነው። ሌሎቹ ሸክላዎች በተተረተረ ወረቀታቸው እንደነበሩ ቀሩ። ሲጨርስ ያቺን ብቻ ለየት አድርጎ ከሣጥኑ ውስጥ ታች አስቀመጣትና "አሁን አንቺን ማንም አያገኝሽም" አላት።

የአያቴ ዓመት ሊወጣ ሲል ፃግብጂ የአባቴ አጎት ሞቱ። አክስቴ ሐዘኑን እንደገና ጀመረች። እሱ ሊወጣ ሲል ደግሞ የሩቅ ዘመድ ሞተ፤ ሰው መቼም ይሞታል። ለሠርግ እስክስታ ሲወርዱ ምንም የማይሉ ሰዎች የአባቴ ሣጥን ሲነሣ ሁሉም ሐዘንተኛ ይሆናሉ። አክስቴ የፈራችው ዘፈኑን እንጂ ሐዘኑን አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ከእናትና አባቷ ቤት የወጣ፣ እሷ በየሰዉ ፊት የቀለደችበት ታናሽ ወንድም እውነቱን ሆኖ ቢገኝስ? አባቴም "ይሁን፣ ታላቄ ናት" ይላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሣጥኑ በጋውን በሙሉ እንደ ምድጃ ከሚግል ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ፣ ክረምቱን እርጥበት እየጠጣ ከረመ።

የወጉ ቀን የእኔ ሠርግ ሆነ። በዚያን ጊዜ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ባሌም አስተማሪ ነው፣ ወገኖቹ ከአምደወርቅ መጥተዋል። ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ ሳለ አባቴ ሣጥኑን ከአክስቴ ግቢ አስመጥቶ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ማጫወቻዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ያቺን ሸክላ ለሁሉም ከፍ አድርጎ አሳየና ላስቲኩን በምላጭ ቀደደ። ላስቲኩ አልላቀቅ ብሎ ከገላዋ ላይ እየተጎተተ ሲለቅ ከተቀመጥኩበት አየሁት። ያ ጥቁር አብረቅራቂ ፊቷ እስትንፋስ እንዳረፈበት መስተዋት ጭጋግ ለብሷል። አባቴ በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው፤ አልለቀቀም። ቢሆንም መርፌውን አስቀመጠ።

የወጣው ድምፅ ጥሬ ሲቆላ የሚሰማው ነው። ቆይቶ ከዚያ ሥር ዘፈን የመሰለ ነገር ሩቅ ሆኖ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሰዉ መጀመሪያ በጨዋነት ጆሮውን ሰጠ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቱን አንሥቶ "አሁን!" አለ። ተንጣጣ እንጂ ሌላ የተሰማ ነገር አልነበረም።

"ወይ ወንድሜ! ስትዘፍን ነው ሽምብራ ስትቆላ ነው የተቀረጽከው?" አለች አክስቴ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የባሌ ወገኖች ሳቁ። አጠገቤ የተቀመጠው ባሌም ሳቀ፤ ያን ሳቁን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ፣ ውሸቴን ነው። ይባስ ብሎ ከሚዜዎቹ አንዱ ከሣጥኑ ሌላ ሸክላ መዞ ከዚያ ከተተረተረ ወረቀቱ አወጣና ቢከፍተው ጥርት ብሎ ዘፈነ። ሕዝቡ ተነሥቶ ጨፈረ። አባቴ ያቺን ሸክላ በሁለት እጁ እንደያዘ ሰው እየገፋው መሃል ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ "ባለ ሸክላ" የሚለው ስም ቀርቶ "ባለ ቆሎ" ሆነ። ከሰው ሠርግ መሄድ ተወ። ለእኔ እንኳ ማንጎራጎሩን አቆመ።

ሸክላዋ የተበላሸችበትን ምክንያት ያወቅሁት ቆይቶ፣ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና የሆነውን ነገርኩት። ገና "የጠረጴዛ ላስቲክ" ስል ራሱን ነቀነቀ። ያ ወፍራም ላስቲክ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል፣ ላቡም ሸክላውን ይበላዋል አለኝ፤ አየር ካጣ ደግሞ የባሰ ነው። ተራ ወረቀት ይሻላት ነበር። አሮጌው፣ የተተረተረው ወረቀቷ ራሱ ይሻላት ነበር። የዚያን ሸክላ ሌላ ቅጂ ጠየቅሁት፤ እሱም ስንት ጊዜ ፈልጎ እንዳጣው ነገረኝ። ባዶ እጄን ላለመመለስ ከውስጡ ስስ ገበር ያለው ጥሩ ነጭ ወረቀት መርጬ ለሌሎቹ ሸክላዎች ገዛሁ።

አባቴ ወረቀቱን በጉንጩ አሸት አድርጎ "ይኼ ነው ወረቀት ማለት" አለ። አንድ በአንድ አለበሳቸው። የላስቲኩን ነገር ስነግረው ሥራውን ሳያቋርጥ አዳመጠኝ። "ለእሷ የተሻለውን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር" ብቻ አለኝ። ያቺን ሸክላ ወረቀት ላለብሳት ስል "ተያት፣ ለደህናዎቹ ይሁን" ብሎ ከለከለኝ።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አክስቴ ዘንድ ሄጄ "እርስዎ ቆርቆሮ ሥር ባያስቀምጡት ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ አባቴ አልዋሸም" አልኳት። ከመቀመጫዋ እንኳ አልተነሣችም። "ትናንት ዘፋኝ፣ ዛሬ ደግሞ ላስቲክ። የአባትሽ ነገር መቼ ሰበብ ያጣል ልጄ?" አለችኝ።

አባቴ ብዙም ሳይታመም አረፈ። ለለቅሶው ከዝቋላም፣ ከአምደወርቅም፣ ከፃግብጂም መጡ፤ ሊያሰማው የተመኘው ሰው አንድም አልቀረም። በእኛ ዘንድ አልቃሿ ግጥም ከማውረዷ በፊት ዘመድ ቀርቦ የሟቹን ሙያ ሹክ ይላታል። አክስቴ ወገቧን በነጠላ አስራ አልቃሿን ጠጋ ስትል አየሁ። ወዲያው አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ፣ አዲስ አበባ ዘፍኖ ዋግን ያስጠራ ወንድም እንደሞተ አወረደች። ሕዝቡ ደረቱን መታ። አክስቴም "ድምፀ መረዋው ወንድሜ!" እያለች ወደቀች ተነሣች። "ባለ ቆሎ" እያሉ ያሳለቁበት ሰዎች እንባቸው ሲወርድ አየሁ፤ አንድም የተጠራጠረ፣ አንድም "እስቲ አሰሙን" ያለ አልነበረም።

ከዝቋላ የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ትከሻዬን ያዙና ዓይናቸውን እየጠረጉ "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እያለው፣ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ሳያሰማን?" አሉኝ።

ሳቄ ሲያመልጠኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት፤ ያዩኝ ሁሉ እያለቀስኩ መሰላቸው።