ከብልባላው ሰው ጋር የታረቅሁበት ቀን

ላሊበላ ላይ በአጭር ሞገድ ዓለምን ማዳመጥ የጀመረው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይጠቁሟችኋል። የማይጠቁም ካለ ቀናተኛ ነው። ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች ከእኔ በፊትም ነበሩ፤ እነሱ ግን መርፌዋን አንድ ቦታ ላይ አቁመው፣ ዜና ሲያልቅ የሚዘጉ ናቸው። እኔ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ አንድ እንግዳ ሆቴል ውስጥ ጥሎት የሄደውን የተበላሸ ሬዲዮ በቢላዋ ጫፍ ፈትቼ ገጠምኩ። ከጣሪያዬ እስከ ወይራው ዛፍ ድረስ የመዳብ ሽቦ ዘረጋሁ። ያረጀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለሁለት ቀን ነፍስ መዝራትንም የቻልኩበት በራሴ ነው። ለጀማሪ ዛሬም የምመክረው ያንኑ ነው፦ ሽቦህን ከፍ አድርገህ ስቀል፤ ቁልፉን ቀስ አድርገህ አዙር፤ የሰማኸውን እዚያው ጻፍ።

እኔ እጽፍ ነበር። ሰማያዊ ደብተር አስምሬ ሞገዱን፣ ሰዓቱን፣ ቋንቋውን፣ የድምፁን ጥራት አሰፍራለሁ። በኋላ አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ምስክር»። የሩቅ አገር ሰማሁ ባልኩ ቁጥር «ዋሸ» የሚለኝ ስለበዛ፣ አብሮኝ የሰማውን ሰው እመዘግብ ጀመር። ከሁሉ የበዛው ምስክሬ ቅዳሜ ከብልባላ ለገበያ ሲመጣ አህያውን ደጄ አስሮ የሚያዳምጥ አንድ ገበሬ ወዳጄ ነበር። «የብልባላው» እያልኩ ጻፍኩት።

የደርግ ዘመን ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሽቦዬን በማጭድ ቆረጡ። ሬዲዮውን፣ ደብተሩንና እኔን ይዘው ሄዱ። ክሴ የጠላት ሬዲዮ ማዳመጥና ማሰማት ነበር።

ያስገቡኝ የአንድ ክብ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ነው። ቀድሞ ከብት ያድርበት ነበርና ግድግዳው ከብት ከብት ይሸታል። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። መስኮት የለም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ነው። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። አራት እርምጃ ሄጄ አራት እመለሳለሁ። ቀትር ሲሆን «አሁን የአሥራ ዘጠኝ ሜትሩ ሞገድ ተከፍቷል» እላለሁ፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ «ሠላሳ አንድ ሊገባ ነው»። ጣቶቼ በራሳቸው የሌለ ቁልፍ ያዞራሉ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል እንጂ፤ እኛንም አዞርከን» አሉኝ አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ።

«ሞገዱ ያልፈኛል አባ።»

«ሞገዱ ነገም አለ። አንተን እንጃ።»

የአብዮት ጠባቂዎቹ አዛዥ አስጠርቶኝ ደብተሩን ፊቴ ገለጠ። ሌላውን ሁሉ ዘሎ ጣቱን አምስተኛው ዓምድ ላይ አሳረፈ።

«የብልባላው ማን ነው?»

«ጓድ፣ ብልባላ ሰፊ አገር ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እግሬ ያውቀዋል። ስም ግን ከአፌ አልወጣም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ተገፍቶ ገባ። ወዳጄ ነው። ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ቀርተሃል ተብሎ ነው የተያዘው፤ ከደብተሬ ጋር ገና ያገናኘው የለም። አየኝ፤ አየሁት። እሱ ወደ አንደኛው ግድግዳ ዞሮ ተቀመጠ፤ እኔ ወደ ሌላው። ሁለታችንም ብልጥ የሆንን መሰለን።

«ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉት ቄሱ።

«ከብልባላ» አለ፣ ሳያስብ።

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የገነተ ማርያም ሰው ነበር። አንገቱን አስገብቶ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን።

«እንዴ! የላስታ ሰው ተገናኝቶ ከወዴት ነህ፣ የማን ዘር ነህ ሳይባባል ይቀመጣል? ባዕድ ብትሆኑ ኖሮ እስካሁን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥሩ ነበር። እናንተ ትተዋወቃላችሁ!»

እውነቱን ነው። ዝምታችን አጋለጠን። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያልቅለት ነበር፤ የእኔ አእምሮ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ይሠራል።

«እንተዋወቃለን እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ባላጋራዬ ነው! በሬውን ለቆ የአባቴን አዝመራ አስበልቶብኛል። እንዲህ ካለው ጋር ነው ሰላም የምባባለው?»

ወዳጄ ለአፍታ ዐይኑን አርገበገበ። ከዚያ ብድግ አለ።

«አጥር የሌለው ማሳ ግጦሽ ነው! አባትህ አጥር ማጠር መቼ ያውቃል?»

ጠባቂው እየሳቀ ወጣ። ነገሩ አዛዡ ዘንድ ደርሶ ሁለታችንም ተጠየቅን። «ጓድ፣ ጠላቴን ቤቴ አስገብቼ ሬዲዮ አሰማለሁ?» አልኩ። አመነ ለማለት አልደፍርም።

ስለዚህ ጠላት ሆነን መኖር ነበረብን። የክፍሉ ስንቅ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል፤ ባላጋራ ደግሞ ከባላጋራው ጋር ከአንድ ትሪ አይቆርስም። ለእኔ ባለቤቴ በየቀኑ ታመጣለች፤ ለሱ ግን የሚያመጣ የለም፤ ብልባላ ሩቅ ነው። ቄሱ ቆርሰው ሲሰጡት «የሱን እንጀራ ከምበላ ብሞት ይሻለኛል!» ይላል፣ ጠባቂው እንዲሰማ። ከእኔ የተሻለ ተጫወተው። ሦስት ቀን በኪሱ ባለች ቆሎ ዋለ። እኔ ግን ድርሻዬን ሳልነካ እነሣለሁ። አራት እርምጃ ሄጄ አራት እመለሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ቄሱ ቆሙ። «ሁለት ቂመኞች ባሉበት ጸሎታችን አያርግም። ዛሬ ትታረቃላችሁ። በዳዩ ድንጋይ ይሸከም።»

ጠባቂው ሊያይ በሩን ከፈተው። ሁሉም ወደ ወዳጄ ዞሩ። እኔ ከግድግዳው የላላ ድንጋይ ነቅዬ አንገቴ ላይ አደረግሁና ፊቱ ተንበረከክሁ።

«በሬው የሱ አይደለም እንዴ?» አሉ ቄሱ።

«ነው አባ። እኔ ግን የባሰ በድዬዋለሁ። ስሙን በማይገባ ቦታ አንስቼዋለሁ።»

ወዳጄን አዛዡ ስለ ደብተሩ ጠይቆት ነበርና ምን እንደምል ገብቶታል። በሕይወቴ ለማንም ተንበርክኬ አላውቅም። ወዳጄም ቶሎ አልማረኝም።

«አባ፣ ትንሽ ይቆይ» አለ። «ይክበደው።»

ጠባቂው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ድንጋዩም እሱም እውነት ነበሩ።

«ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። አውርዱለት» አለ ወዳጄ በመጨረሻ።

ስንጎራረስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህን ደግሞ እንዳትጽፈው» አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ተፈታ። እኔ ሰባት ወር ቆየሁ።

ያደረግሁትን ለማያውቅ ልንገር። ስም ሳልሰጥ ወጣሁ። ስምንት እስረኞችን የሞገድ ሰዓት አስተማርኩ፤ ቄሱ እንኳ ዐርባ ዘጠኝ ሜትር መቼ እንደሚገባ ይናገሩ ነበር። ያን ጠባቂ ሽቦ እንዴት እንደሚሰቀል አሳየሁት። ስፈታ ከዜሮ ጀምሬ ሁለተኛ ሬዲዮ ጠገንኩ፣ ሽቦዬን እዚያው ወይራ ላይ መልሼ ሰቀልኩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ፤ ሁሉም ባለ አራት ዓምድ ናቸው።

የብልባላው ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ጆሮው ደክሟል። እኔ እየሰማሁ ከየት አገር እንደሆነ እነግረዋለሁ።

«ዋሸህ» ይለኛል።

ምስክር የለኝም።