እናቴ የቆረጠችው ጓንት

ዶክትሬቴን የምሠራው አሜሪካ፣ ፓሳዴና ነው። ቡድናችን በስትሮክ እጃቸው ለተያዘባቸው ሰዎች የጨርቅ ጓንት ይሠራል። ሰውየው እጁን ልክፈት ብሎ ሲያስብ ጓንቱ ሐሳቡን ከክንዱ ጡንቻ ያነባል፤ ትንንሽ ሞተሮች ክር ስበው ጣቶቹን ይዘረጉለታል። ኮምፒውተሩም ሞተሩም ሰመረልን። ያስቸገረን ጨርቁ ነበር፤ አውራ ጣቱ ሥር ሁሌም ይተረተራል።

አንድ ቅዳሜ የተቀደደውን ይዤ ፌርፋክስ ሰፈር፣ እናቴ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችው።

"ማነው ይኼን የሰፋው?"

"እኔ።"

"ጉድ ነው! እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ?" ብላ ሳቀች። "ጨርቁን ቀጥ አድርጋችሁ ነው የቆረጣችሁት። እጅ ይታጠፋል፣ ይዞራል። በሰያፍ ቢቆረጥ ራሱ ይለጠጥልሽ ነበር።"

"እማዬ፣ ስድስት ኢንጂነር ነን እኮ ዲዛይን ያደረግነው።"

"ታዲያ? ከስድስታችሁ ሸሚዝ የሰፋ አለ?"

አልነበረም። እዚያው አዲስ ጨርቅ በሰያፍ ቆርጣ ሰፋችልኝ። ሰኞ እሷ የቆረጠችውን ጓንት ሙሉ ቀን ስናጥፍ ስንዘረጋ ዋልን፤ አልተቀደደም። ፕሮፌሰሬ "እባክሽ እናትሽን አምጪልን" አለኝ።

የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ መጣች። የዚያን ቀን ጓንቱን የሚሞክሩት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ለክታ፣ እዚያው ጠባብ የሆነውን አስፍታ አጠለቀችላቸው። "አይዞዎት" አለቻቸው በአማርኛ።

እጃቸው ቀስ እያለ ተከፈተ። ሰውዬው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ያንኑ እጅ ዘረጉላት። እናቴ በሁለት እጆቿ ተቀብላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ብዙ ሳትለቃቸው ቆየች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተቆጣችኝ።

"እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሻለሁ።"

"ኮምፒውተር ነው ያልሽኝ! ሰው ነው የምትሠሩት አላልሽኝም።"

ለዓመታት ሥራዬን በሁለት ቃል እየነገርኳት፣ አይገባትም ብዬ ሳልፍ ኖሬያለሁ።

ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ስሟ ከስማችን ጋር ሰፈረ። ወስጄ ሱቋ ውስጥ ሰጠኋት። ስሟን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀጥላ የጓንቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ አየችው።

"ትንሿ ጣት ላይ ስፌቱ ጠሟል፤ ሌላ እቆርጥላችኋለሁ" አለችና መቀሷን አነሳች።