ሲሚንቶው የተፈነቀለበት ክረምት

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደመላሽ ጋፋት ካለው እርሻቸው እየመጡ ደብረ ታቦር እኛ ቤት ይሰነብቱ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ እናቴ ኩራዙን ታበራለች፤ እኛም ምድጃው ዙሪያ እንኮለኮላለን። እርሳቸው ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ሲያስለቅሳቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ተረታቸውን ይጀምራሉ።

አብዝቼ የምወደው የዝናብን ተረት ነበር። ዝናብ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ነው። አንዱ ገበሬ አፈሩን አለስልሶ ያስተኛዋል፤ እንግዳውም ክረምቱን ከመሬት በታች ያርፍና በበጋ በገበሬው የውኃ ጉድጓድ በኩል ብቅ ይላል። ጎረቤቱ ግን ደጄ እንዳይጨቀይ ብሎ ሜዳውን በድንጋይ ይደፍናል። እንግዳው ማረፊያ ሲያጣ ተቆጥቶ ቁልቁል ይሮጣል፤ ያገኘውንም ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ፈርቼ እግሬን ወደ ቀሚሴ እሰበስብ ነበር።

ሰፈራችን በእነዚያ ዓመታት ሌላ ሰፈር ሆነ። የገብስ ማሳው ቤት በቤት ሆነ፤ መንገዱ ኮብልስቶን ለበሰ፤ የኛ የውኃ ጉድጓድም በየበጋው ይጎድል ጀመር። መጋቢት ሲገባ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል። አባቴ ግን ልቡ ግቢውን ማሳመር ላይ ነበር፤ ከጉድጓዱ አፍ እስከ በሩ ድረስ ሲሚንቶ አስለበሰው። አያ ደመላሽ መጥተው አዩት።

«ወንድሜ፣ ውኃው በየት ይግባ?»

«በበሩ ይውጣ እንጂ፣ አያ!» አለ አባቴ እየሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ በበራችን እየተገፋፋ ወጣ። ከኛ በታች እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ዓረብ አገር ለሥራ ስለሄደች ገና ድክ ድክ የሚል የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ወፍጮ ቤት ደርሰው ሲመለሱ የጭቃ ግድግዳቸው ተንዷል።

«ልጄን! ልጄ ውስጥ ተኝቷል!» እያሉ ጮኹ።

አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጠ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ፣ ቁልቁል የሚጋልበው ውኃ ከየት እንደ ተነሣ አየሁ። ከኛ ደጅ ነበር። የአያ ደመላሽ የተቆጣ እንግዳ ይኸው ነበር። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች።

ከዚያ ለቅሶ ሰማን። አባቴ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ሕፃኑን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወጣ። ግድግዳው ወደ ውጭ ነበር የወደቀው፤ ልጁ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ስለ ነበር ውኃው አልደረሰበትም። የሰው ለቅሶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እትዬ ጥሩወርቅ መሬት ላይ ተቀምጠው ልጁን እያገላበጡ ሳሙት።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ «የእግዜር ቁጣ ነው» ሲል አባቴ ቆመና፣ «የለም፤ ውኃው የመጣው ከኔ ግቢ ነው። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

በማግስቱ ዲጂኖ ተከራይቶ ሲሚንቶውን መፈንቀል ጀመረ። አያ ደመላሽ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አውልቀው አጠገቡ ቆፈሩ። ከቤቱ ራቅ ብለው ጥልቅ ጉድጓድ አውጥተው፣ ውኃው ቀስ እያለ ወደ መሬት እንዲሰርግ በድንጋይና በጠጠር ሞሉት፤ የጣራውን አሸንዳም ወደዚያ መለሱት። የእትዬ ጥሩወርቅን ግድግዳም ሁለቱ አቆሙት። ከኛ በላይ ያሉት ጎረቤቶች አይተው አንድ ሁለት እያሉ እንደዚያው አደረጉ። በቀጣዩ መጋቢት የውኃ ጉድጓዳችን ጎደለ እንጂ አልደረቀም፤ እትዬ ጥሩወርቅም ከኛው ይቀዱ ነበር።

ዛሬ ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል። ያልጠፋኝ አባቴ በሰው ሁሉ ፊት «ከኔ ግቢ ነው» ያለበት ድምፅ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አባት ከተሳሳተ ሁሉ ነገር የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ሲናገር ሰማሁት፤ ምንም አልፈረሰም። እንዲያውም አባቴ በዓይኔ ትልቅ የሆነው ያኔ ነው።